እንቁጣጣሽ እስኪደርስ፦ በክረምት ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር የእጅ ሥራ

ሐምሌ ሲገባ ቤት ይጠባል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አያስወጣም። ልጆቹ "ደበረኝ" ይላሉ፣ እኛም ስልኩን እንሰጣቸውና እፎይ እንላለን። እኔም ሁለት ክረምት ያሳለፍኩት እንደዚህ ነው። በሦስተኛው ክረምት ግን ሌላ ነገር ጀመርን። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቤት ውስጥ ባለው ነገር አንድ ነገር እንሠራለን። ማሳረጊያው እንቁጣጣሽ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ባዘጋጁት ቀለም የሳሉትን ሥዕል ይዘው ጎረቤት "እንኳን አደረሳችሁ" ይላሉ።

ልጆቼ ሁለት ናቸው። ትልቋ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ አራት። ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ከእነሱ ጋር ሞክሬዋለሁ። የሚገዛው ነገር ጥቂት ነው። ከዱቄቱም ከቀለሙም በላይ የሚከብደው የእኛን የትልልቆቹን እጅ መሰብሰብ ነው። እሱን ሊጡ ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ቦታውን ማዘጋጀት

አንድ ጥግ ምረጡ። ሳሎን መሃል አይሁን፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከተነሳ ልጁ ሥራው ዋጋ እንደሌለው ይሰማዋል። መሬቱ ላይ ያረጀ አንሶላ ወይም የተቀደደ ማዳበሪያ አንጥፉ። ለልጆቹ የአባታቸውን አሮጌ ሸሚዝ ወደ ኋላ አዙራችሁ አልብሷቸው። አንድ ሳፋ ውሃና ጨርቅ አጠገባቸው ይኑር። ይህች ሳፋ ብዙ ነገር ታድናለች፤ እጃቸው የቆሸሸ ቁጥር ወደ መታጠቢያ ከሮጡ ግድግዳው ሁሉ የእጅ አሻራ ይሆናል።

ከዚያ አንድ ትልቅ ካርቶን አስቀምጡ። ቆራሌው ሳይወስደው ይህን ሰብስቡበት፦ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ክዳን፣ የእንቁላል መያዣ፣ የጫማ ካርቶን፣ ልብስ ሰፊ ጋ የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ክር፣ የቆየ ጋዜጣ። ልጆቹ ራሳቸው እንዲሰበስቡ አድርጉ። የእኔ ትንሹ አሁን ውሃ ጠጥቶ ሲጨርስ ክዳኑን ኪሱ ውስጥ ይከታል።

የቤታችን ደንብ አንድ ነው። ቢላዋ፣ እሳትና መብሳት የእኔ ነው። ሌላው ሁሉ የእነሱ ነው።

ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ካለ ግን ተጠንቀቁ። ሽምብራ፣ አተር፣ ዶቃ፣ ትንንሽ ክዳን አጠገቡ አይሁን። አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። ቆርኪ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ይቆርጣል፤ በድንጋይ ቀጥቅጣችሁ ካላስተኛችሁት አትስጡ።

የመጫወቻ ሊጥ

ለመጀመሪያው ቀን ከዚህ የተሻለ የለም። ለአራት ዓመት ልጅም ለአሥር ዓመት ልጅም ይሆናል፣ ሊበላሽም አይችልም። ካልወደደው ጠቅልሎ እንደገና ይጀምራል።

ከዱቄቱ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሠራ እናቴ ቤት ነበረች። "እህል መጫወቻ ይሆናል እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። እህል ክብር ያለው ነገር ነው፣ ልጆቼም ይህን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። ስለዚህ እኛ ቤት ለሊጥ የሚሆነው ነቀዝ የነካው ወይም ከርሞ ሽታው የተለወጠ ዱቄት ብቻ ነው። ነፍቼ ለዚሁ አስቀምጠዋለሁ። እሱ ከሌለ ደግሞ የሸክላ አፈር የሚገኝበት ሰፈር ያላችሁ ጭቃውን ተጠቀሙ። እንዲያውም ይበልጣል።

የሚያስፈልገው፦ 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 2 ኩባያ ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ።

1. ዱቄቱንና ጨውን ድስት ውስጥ ቀላቅሉ። ይህን ልጁ ይሥራው፤ ይለካ፣ ይቁጠር።

2. ውሃውን፣ ዘይቱንና ሎሚውን ጨምሩ። ጓል እስኪጠፋ አማስሉ። አሁን እንደ አጥሚት ቀጭን ይሆናል። አትደንግጡ።

3. ዝቅተኛ እሳት ላይ ጣዱ። ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ሳታቋርጡ አማስሉ። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ውስጥ ከታች መወፈር ይጀምራል፣ ከዚያ በድንገት ድስቱን ለቆ ማማሰያው ላይ ይጠቀለላል። ያኔ አውርዱት።

4. ሲበርድ ለልጁ ስጡትና ይሸው። ከተጣበቀ ትንሽ ዱቄት፣ ከደረቀ ጥቂት ጠብታ ውሃ ይጨመርበት። ቢጫ ከፈለጋችሁ እርድ፣ ሮዝ ከፈለጋችሁ የቀይ ሥር ውሃ እዚሁ ላይ ጨምሮ ይሸው።

ፌስታል ውስጥ ጠቅልላችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ብታስቀምጡት ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ጨው ስለበዛበት ልጁ እንዳይበላው፣ ውሻ ካላችሁም እንዳይደርስበት ተጠንቀቁ።

የሠሩትን ማድረቅ ከፈለጉ ያልበሰለው ሊጥ ይሻላል፤ 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ ወደ 1 ኩባያ የሚጠጋ ውሃ። በበጋ ፀሐይ ያደርቀዋል። በክረምት ግን ፀሐይ አትጠብቁ፣ ይሻግታል። ኦቨን ካለ በ100 ዲግሪ ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። እኔ ኦቨን የለኝም። እንጀራ ከጋገርኩ በኋላ ምጣዱን አጠፋና እጅ የሚያስችል ሙቀት ላይ ሲደርስ ሰሃን ላይ አድርጌ አስቀምጥበታለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ስጋግር ጠንክሮ ይወጣል።

አሁን ስለ እጃችን። ባለፈው ክረምት ትንሹ ከዚህ ሊጥ ጀበና ሠራ። ሆዱ ድቡልቡል፣ አንገቱ እንደ ጣት ቀጥ ያለ። እጀታ ግን የለውም። "ቆይ ላሳይህ" ብዬ ሊጥ ቆንጥሬ እጀታ ለጠፍኩለት። ጀበናውን አየ። እኔን አየ። ምንም ሳይናገር ተነስቶ ሄደ። ማታ ላይ ስመለስ እጀታው ተነቅሎ ጎን ላይ ተቀምጧል። "ለምን ነቀልከው?" አልኩት። "የእማማ ጀበና እኮ ነው" አለኝ።

የእናቴ ጀበና እጀታው ከተሰበረ ቆይቷል። አንገቱን በጨርቅ ይዛ ነው የምትቀዳው። ልጄ ያየውን ነበር የሠራው። እኔ ደግሞ እሱ ያየውን አላየሁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን አስገብቼ አላውቅም። ሲጠይቁኝ ብቻ አሳያለሁ፤ እሱንም በእነሱ ሥራ ላይ ሳይሆን በራሴ ቁራጭ ሊጥ ላይ ነው። "ይሄ ምንድን ነው?" ማለትም ትቻለሁ። ጥያቄው "አልገባኝም፣ አልመሰለም" ይመስልባቸዋል። "እስቲ ስለሱ ንገረኝ" ስላቸው ግን ቁጭ ብለው ያወራሉ።

ቀለም ከጓዳ

ይህ የእኔም የልጆቹም የልብ ሥራ ነው። የተገዛ ቀለም ይደምቃል፣ እውነት ነው። ግን ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ ያየ ልጅ ጎመኑንም ቡናውንም በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል።

መጀመሪያ ማጣበቂያውን እንሥራ፣ ምክንያቱም ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚይዘው እሱ ነው። 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ግማሽ ኩባያ የፈላ ውሃ እያፈሰሳችሁ አማስሉና እሳት ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ አቆዩት። እንደ ቀጭን ገንፎ ሲሆን አውርዱ። ድሮ በጋዜጣ ግድግዳ ሲለበጥ የሚጣበቀው በዚሁ ነበር። ኮላ ሲያልቅም ይኸው ይሠራል። በማግስቱ ስለሚሸት የዕለቱን ብቻ አዘጋጁ።

*ቢጫ።* 1 የሻይ ማንኪያ እርድ በ3 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ በጥብጡ፣ ትንሽ ማጣበቂያ ጨምሩበት። ሁሉም የሚደነቅበት ቀለም ይሄ ነው። ልብስ ላይ ሲፈስ ግን አይለቅም። አንድ ዘዴ አለ፤ የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም። ልብሱን አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ በየቀኑ እየደበዘዘ ይሄዳል።

*ብርቱካናማ።* ከእርዱ ቀለም ትንሽ ቀንሱና ከልብስ ሳሙና የተፋቀ ዱቄት ጣል አድርጉበት። ቢጫው ዓይናችሁ እያየ ወደ ቀይ ያዘነብላል። ይህን ሳትነግሯቸው ልጆቹ ራሳቸው ሳሙናውን ይጨምሩ። ትልቋ ያን ቀን ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ እርድ ውስጥ እየጨመረች ዋለች። ስኳር ምንም አላመጣም። ጨው ምንም። ሎሚ ደግሞ ቢጫውን መለሰው። ለአንድ ሰዓት ያህል ማንንም አልፈለገችም።

*ሮዝ።* ቀይ ሥር በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቁ። ሁለት ሦስት ጠብታ ሎሚ ብትጨምሩበት ቀይነቱን ይዞ ይቆያል። አለዚያ ቶሎ ወደ ቡኒ ይሄዳል።

*ሰማያዊ።* ወይን ጠጅ መልክ ያለውን ጥቅል ጎመን ከትፋችሁ በትንሽ ውሃ ቀቅሉ። ውሃው ሐምራዊ ይሆናል። በሁለት ስኒ ክፈሉት። አንዱ ላይ ሎሚ ጠብ ስታደርጉ ሮዝ ይሆናል፣ ሌላው ላይ ቆንጠር ቤኪንግ ሶዳ ስትጨምሩ ሰማያዊ ይሆናል። ሶዳው ከበዛ ወደ አረንጓዴ ይሻገራል።

*አረንጓዴ።* ቆስጣ ሙቀጫ ውስጥ ወቅጣችሁ ጨምቁት። ደካማ ቀለም ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ መደራረብ ይፈልጋል።

*ጥቁር።* ከሰል። መጀመሪያ ውሃ ነካ አድርጉትና ውቀጡት፣ ደረቁን ከወቀጣችሁት ብናኙ ይተነፈሳል። በማጣበቂያ ለውሱት። የብራና ጸሐፊዎችም ጥቁር ቀለም ሲያዘጋጁ መነሻቸው ጥላሸት ነበር። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ ከሰሉን የሚይዙበት አያያዝ ይለወጣል።

ቡኒውን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ስለምወደው ነው። ቡና የተፈላ ቀን ከአቦሉ፣ ከቶናውና ከበረካው አንዳንድ ስኒ ቀንሱ። ሦስቱን ለየብቻ ድስት ላይ አድርጋችሁ ግማሽ እስኪሆን አፍሉ። ሲበርድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ቀቡት። አቦሉ ደማቅ ቡኒ ነው። ቶናው ሳሳ ይላል። በረካው እንደ ገለባ ይሆናል። ከአንድ ጀበና ሦስት ቀለም። ጎጆ ቤት፣ መሬት፣ የሰው ፊት፣ ሁሉም ከዚህ ይወጣል። የሰው ፊት ሲስሉ "የቱ ነው የእኔ?" እያሉ እጃቸውን ከወረቀቱ ጋር ሲያስተያዩ ማየት ደስ ይላል።

ብሩሽ ከሌለ መፋቂያ አለ። ጫፉን በድንጋይ ቀጥቅጡት፣ ጭረቱ ይበታተንና ጥሩ ብሩሽ ይወጣዋል። ወፍራሙ ለሰማይ፣ ቀጭኑ ለዓይንና ለቅንድብ። ለትንሹ ጣቱ ይበቃዋል።

የእንቁጣጣሽ ሥዕል

እኛ ሰፈር ድሮ አበባዮሽ የሴቶች ነበር፣ ሥዕል ደግሞ የወንዶች። ወንድሞቼ ጳጉሜን ሲገባ ቤቱን በወረቀት ይሞሉት ነበር፦ መላእክት፣ ፈረስ ላይ ያለ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ፀሐይ፣ አበባ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ እርሳስ ግን አልተሰጠኝም። አሁን እኔ ቤት ሁለቱም ይዘፍናሉ፣ ሁለቱም ይስላሉ።

ሥራውን ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሩ። በዋዜማው ከጀመራችሁ ወላጅ ነው የሚጨርሰው።

1. ማኒላ ወረቀት ግዙ። ደብተር ሳሳ ስለሚል ውሃው ይቀደዋል። አንዱን ማኒላ ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ብትቆርጡት 8 ካርድ ይወጣዋል። መቁጠሩንና ማጠፉን ለልጁ ተዉለት።

2. ከመሳል በፊት ማየት። አደይ አበባ መፈንዳት ስትጀምር አንዷን ቅጠፉና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ቅጠሎቿን ይቁጠሩ። ጫፉ ሹል ነው ወይስ ክብ? መሃሏ ከዳሯ ቀለሙ ይለያል? ትልቋ መጀመሪያ ሳታይ የሳለቻት አበባ የመማሪያ መጽሐፍ አበባ ነበረች። አይታ የሳለቻት ግን አንድ ቅጠሏ በትል የተበላ ነው። እስካሁን ግድግዳችን ላይ አለች።

3. በእርሳስ ስስ አድርገው ይንደፉ። ላጲስ አትስጡ። ላጲስ ያለው ልጅ ሲያጠፋ ይውላል።

4. ቀለሙን ከፈዛዛው ይጀምሩ። መጀመሪያ በረካና ቢጫ፣ ከዚያ ሮዝና አረንጓዴ፣ መጨረሻ ላይ ከሰል። ጥቁሩ ከቀደመ ሁሉን ያቆሽሻል። በየመሃሉ ይድረቅ። በክረምት አንድ ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል ሦስት አራት ካርድ በአንድ ጊዜ እያፈራረቁ ይሥሩ።

5. ለትንንሾቹ ቀላሉ መንገድ ጣት ነው። ትንሿን ጣት እርድ ውስጥ ነክሮ ዙሪያውን ጠብ ጠብ ማድረግ፣ መሃሉ ላይ በአውራ ጣት አንድ ብርቱካናማ ነጥብ። አደይ አበባ ሆነች። የአራት ዓመት ልጅ በአንድ ጠዋት 8 ካርድ ይጨርሳል።

6. ጽሑፉን ራሳቸው ይጻፉ። "እንኳን አደረሳችሁ" ረጅም ስለሆነ መስመር አልበቃ ይላል፣ "ችሁ" ታች ይወርዳል። ይውረድ። ትንሹ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ይጽፋል።

7. ለማን እንደሚሰጥ አስቀድመው ይወስኑ። ይህ የእኔ ቤት ልማድ ነው፣ ግን በጣም እመክራለሁ። "ይቺ ለጋሽ ዘበኛው፣ እሳቸው ፈረስ ይወዳሉ" ማለት ሲጀምሩ ሥዕሉ ይለወጣል።

ውጭ ሀገር ያላችሁ፣ አዲስ ዓመት መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ላይ ስለሚውል ብዙውን ጊዜ የትምህርት ቀን ይሆንባችኋል። ከዚያ በፊት ያለውን ቅዳሜ ለዚህ ያዙት። አደይ አበባ ባይገኝም እርድና ቡና አይጠፋም። ካርዱን ደግሞ ፎቶ ብቻ አንስታችሁ አትላኩ። ለአያቶች በፖስታ ወይም በሚሄድ ሰው እጅ ላኩላቸው። በእጅ የሚዳሰስ ነገር ሌላ ነው።

የሃይላንድ መኪና

ይህ አጭር ነው፣ ብዙዎቻችሁ በልጅነታችሁ ሠርታችሁታል። ግማሽ ሊትር ጠርሙስ፣ አራት ተመሳሳይ ክዳን፣ ሁለት ቀጭን እንጨት፣ አንድ ስትሮ፣ ፕላስተር። ክዳኖቹን ልክ መሃላቸው ላይ በጋለ ምስማር ብሱላቸው። ስትሮውን ለሁለት ቆርጣችሁ ጠርሙሱ ሆድ ላይ በፕላስተር ለጥፉ፣ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ። እንጨቱን በስትሮው ውስጥ አሳልፋችሁ በሁለቱ ጫፍ ክዳን ሰኩ። እንጨቱ ስትሮው ውስጥ እንደልብ መዞር አለበት።

የመጀመሪያው መኪና ብዙ ጊዜ አይሄድም። ወይ ቀዳዳው መሃል አይደለም፣ ወይ ክዳኑ ጠርሙሱን ይነካል፣ ወይ ሁለቱ ስትሮዎች ትይዩ አይደሉም። ምክንያቱን አትንገሩ። "የቱ ጎማ ነው እንቢ ያለው?" ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ዝምታው ያስጨንቃል፣ አውቃለሁ። ግን ያገኙታል።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። አያት ወይም አጎት ካለ ያንን ቀን ለእሱ ስጡት። ቃጫ አምጥቶ ጅራፍ መግመድ ያሳያቸው። እኔ ጅራፍ መግመድ አልችልም። ለልጆቼ አባቴ ያሳያቸዋል፣ እኔም አብሬ እማራለሁ። መብራት የሄደ ማታ ደግሞ ሻማ አብሩና ግድግዳ ላይ የእጅ ጥላ ሥሩ፤ ውሻ፣ ወፍ፣ ጥንቸል። ምንም ዝግጅት አይፈልግም።

አልሆነም ብሎ ሲያለቅስ

ይመጣል። ትልቋ በተለይ ያሰበችው ካልወጣላት ወረቀቱን ትቀድዳለች። ድሮ "በጣም ቆንጆ ነው እኮ" እላት ነበር። ይበልጥ ትናደዳለች፣ ምክንያቱም ቆንጆ እንዳልሆነ ታውቃለች። አሁን "የቱ ጋ ነው ያልወጣልሽ?" እላታለሁ። ጣቷን ቀስራ ታሳየኛለች። ብዙ ጊዜ አንድ ትንሽ ቦታ ብቻ ነው፤ የፈረሱ እግር፣ የመልአኩ ክንፍ። ያንን ብቻ ሌላ ወረቀት ላይ አምስት ጊዜ ትሞክረዋለች። ካልፈለገች ደግሞ እንተወዋለን። ሲደክማቸው ማስገደድ ሥራውን ያስጠላቸዋል። ለትንሹ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፣ ዕቃውን ግን ሳላነሳ እተወዋለሁ። ከመክሰስ በኋላ ራሱ ይመለሳል።

ማጽዳቱ የሥራው ክፍል ነው። መፋቂያውን ማጠብ፣ አንሶላውን ማራገፍ፣ ክዳኖቹን ወደ ካርቶኑ መመለስ የእነሱ ፋንታ ነው።

ሥራዎቹን ማቆየት

ግድግዳ ላይ አንድ ገመድ ወጥሩና በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉ። ከልጁ ዓይን ቁመት አይብለጥ። ቦታው መስኮት ፊት ለፊት አይሁን፤ የእርዱንም የቀይ ሥሩንም ቀለም ብርሃን ይበላዋል። ካርዶቹን ደምቀው ሳሉ ፎቶ አንሷቸው። ገመዱ ሲሞላ ልጁ ራሱ ሁለት ሦስት ይምረጥና የጫማ ካርቶን ውስጥ ይቀመጡ። ከኋላቸው ቀኑን፣ ዕድሜውንና ስለ ሥዕሉ የተናገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የጀበናው ካርቶን ላይ "የእማማ፣ እጀታው የተሰበረው" ተብሎ ተጽፏል።